ተራ ቁጥር ሰባት

ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር። ጣቷን ሰባተኛው መስመር ላይ ስታሳርፍ ጥቁሩ ጫፉ ላይ ተለጠፈባት፤ አልጠረገችውም። መስመሩን እንደገና አነበበችው። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጣ የፊተኛውን ገጽ ደብዳቤ፣ ከደብዳቤውም ግርጌ የራሷን ስም አየች። መልሳ ገለበጠችው። ሰባተኛው መስመር ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

«ይሄን ማን አስገባው?» አለች።

አታሚው ከማሽኑ ሆድ ውስጥ አንገቱን አወጣ። እጁ እስከ ክርኑ በቅባት የተለወሰ፣ ሥራ ሲበዛበት ቀልድ የሚበዛለት ሰው ነው። «የቱን?»

«ተራ ቁጥር ሰባትን።»

«እሱንማ ትናንት ከሰዓት የመጻሕፍት ኮሚቴው ሰብሳቢ ራሳቸው ይዘውት መጡ፤ በነበረው ፈንታ በእጃቸው ጽፈው። እርስዎ የሚያውቁት መስሎኝ ነው እንጂ...» ፊቷን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሕተት አለው እንዴ እትዬ? ካለው አሁኑኑ ይንገሩኝ። ስምንት ሰዓት ላይ ማሽኑ ይነሳል። አንዴ ከተነሳ ደግሞ እንደ እኔ ሚስት ነው፤ የጀመረውን ሳይጨርስ ዝም አይልም።»

አልሳቀችም። ሁልጊዜ ትስቅለት ነበር።

በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ባለችው የመጻሕፍት መደብር የልጆችን መጻሕፍት መምረጥ ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። በየዓመቱ ከሚታተሙት መካከል አሥራ ሁለቱን ትለይና ዝርዝራቸው በአንድ ታጣፊ ወረቀት ታትሞ ለአራት መቶ ቤተሰቦች ይታደላል። በወረቀቱ ፊት ላይ የእሷ ደብዳቤ አለ። ደብዳቤው ከዓመት ዓመት ቢለዋወጥም አንድ ዐረፍተ ነገር ግን ተቀይሮ አያውቅም፦ «እነዚህን መጻሕፍት አንድ በአንድ፣ ለልጆቻችሁ ስል አንብቤ መርጫቸዋለሁ።» ወላጆች ይህችን ዐረፍተ ነገር ያምናሉ። ምን እንደሚል ሳይጠይቁ፣ ሽፋኑን እንኳ ሳይገልጡ፣ እሷ መርጣዋለች ከተባለ ገዝተው ለልጃቸው ይሰጣሉ።

ብዙ ሰው ሥራው ቀላል ይመስለዋል። የእግዚአብሔር ስም በየገጹ ከተጠራ፣ ክፉው ልጅ ከተቀጣ፣ ደጉ ልጅ ከተሸለመ፣ መጽሐፉ ለክርስቲያን ቤት የሚሆን ይመስለዋል። እሷ እንዲህ ያሉትን በካርቶን እየሞላች መልሳለች። የእሷ ጥያቄ ሌላ ነበር፦ መጽሐፉ ልጁን ይዋሸዋል ወይስ አይዋሸውም? ይህን ለማወቅ እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ ጮክ ብላ ታነባለች። አንዴ ወንበር ላይ እንደ እናት ተቀምጣ፣ ሁለተኛውን ደግሞ ልጆቹ በሚቀመጡበት ወለል ላይ፣ ጉልበቷ እየተነጫነጨባት፣ ጀርባዋን ለመደርደሪያው ሰጥታ። ወንበር ላይ እውነት የመሰለ ነገር ወለል ላይ ውሸት ሆኖ የተገኘበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሰባተኛውን መጽሐፍ ወንበር ላይ ብቻ ነበር ያነበበችው። ወለሉ ላይ መቀመጥ አልቻለችም።

መጽሐፉ «ምስጢር ጠባቂዋ» ይባላል፤ ሠላሳ ሁለት ገጽ ነው። ደራሲው የመጻሕፍት ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡት ርዕሰ መምህር ናቸው። ታሪኩ ከአክስቷ ጋር ስለምትኖር አንዲት ወላጅ የሌላት ልጅ ነው። ልጅቷ ሸሚዝ ስትተኩስ ታቃጥላለች፤ አክስቷ በንዴት የጋለውን ካውያ እጇ ላይ ታሳርፍባታለች። በማግስቱ ልጅቷ የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቷ ድረስ ስባ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ርዕሰ መምህሩ ያይዋታል፤ ምን እንደሆነች ይጠይቋታል። ልትናገር ስትጀምር ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው «ጨዋ ልጅ የቤቷን ገመና ወደ ውጭ አታወጣም፤ ለእግዚአብሔር ብቻ ንገሪው» ይሏታል። ልጅቷም ዝም ትላለች። ዝም ስላለችም በሠላሳኛው ገጽ ላይ አክስቷ እያለቀሰች ታቅፋታለች። በመጨረሻው ሥዕል ልጅቷ አድጋ፣ በመጻሕፍት መደርደሪያዎች መካከል ቆማ ፈገግ ትላለች።

ሥዕሉ ቆንጆ ነበር። ሹራቡ አረንጓዴ ነበር። ለሠዓሊው አረንጓዴ እንደነበረ የነገረው ሰው አለ ማለት ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ረቂቁን አንብባ የጨረሰች ቀን ከመደብሩ ጀርባ ሄዳ ቧንቧውን ከፍታ ግራ እጇን ውኃው ሥር ያዘች። ለምን እንዳደረገችው አታውቅም፤ ጠባሳው አርባ ዓመቱ ነው፣ አይሞቅም አይበርድም። ከዚያ ተመልሳ የኮሚቴውን ቅጽ አወጣች። ቅጹ «ያልተመረጠበት ምክንያት» የሚል አንድ ባዶ መስመር አለው። ያቺ አንዲት መስመር ከጠረጴዛው ትሰፋባት ጀመር። ብዕሩን ይዛ ብዙ ከቆየች በኋላ «ቋንቋው ለልጆች ይከብዳል» ብላ ጻፈች።

ውሸት ነበር። የሰውዬው ቋንቋ ጥርት ያለ፣ ልጅ በአንድ ትንፋሽ የሚረዳው ዓይነት ነው። ችግሩ እሱ ነበር።

«እንዲያውም መልእክት ልከውልዎታል፤ ረስቼው» አለ አታሚው፣ ከጠረጴዛው መሳቢያ ተጠርዞ የመጣውን የመጽሐፉን አዲስ ቅጂ እያወጣ። «'ቋንቋውን እንዳልሽው አቅልዬዋለሁ በላት' ነው ያሉኝ።»

ታዲያ ማንን ትቆጣ? ሰውዬው ምክንያት ጠየቁ፣ ምክንያት ሰጠቻቸው፣ ምክንያቱን አስወገዱት። በሯን ራሷ ከፍታላቸዋለች። ቁጣው መጀመሪያ እንደ ምራቅ ተመልሶ ራሷ ላይ ወደቀ፤ ከዚያ ግን እዚያው አልቀረም። ወደ ሰውዬው ዞረ። በዕድሜዋ ብዙ ጊዜ ተከፍታ ታውቃለች፣ አዝና ታውቃለች፤ እንዲህ ጥርሷን እስክታፋጭ ተቆጥታ ግን አታውቅም። ሐምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ለቁጣ ጊዜ ሰጥታ እንደማታውቅ የተረዳችው በዚያች ደቂቃ ነው።

መጽሐፉንና የማረሚያውን ወረቀት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «እኔ ሳልመለስ እንዳታስነሳው።»

«ደውለው ቢጠይቁኝስ?»

«እሷ ዘንድ ነው በላቸው።»

የታናሽ እህቷ የስፌት ቤት ሁለት መንገድ ተሻግሮ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ጎን ነው። እህቷ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ትከሻዋ የሰፋ፣ ድምፅዋ ከስፌት መኪናው የሚበልጥ ሴት ናት፤ ቤተሰቡ ግን እስከ ዛሬ «ሚጢጢ» ነው የሚላት። በግራ ጆሮዋ አትሰማም። የሚያውቋት ሁሉ ሳያስቡት በቀኟ በኩል ይቆማሉ፤ የማያውቋት ደንበኞች ደግሞ በግራዋ ቆመው ስለ ክሩ ቀለም ሲለፈልፉ እሷ ዝም ብላ ትሰፋለች፣ ኩራተኛ ናት ተብላም ትታማለች።

«እታለም! ፊትሽ ምን ሆኗል? ሰው ሞተ?»

«ይሄን አንብቢልኝ።»

«እኔ? ሃያ ዩኒፎርም ተከምሮብኝ?» አለች፤ ግን እግሯን ከፔዳሉ ላይ አነሳች። መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ፣ ጣቷን በመስመሩ ሥር እያስኬደች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ማንበብ ጀመረች። አምስተኛው ገጽ ላይ ጣቷ ቆመ። ቀና ብላ የእህቷን ግራ እጅ አየች። ምንም ሳትል ቀጠለች። ገጽ ስትገልጥ የሚሰማው የወረቀቱ ድምፅ ብቻ ነበር። መጨረሻው ላይ ስትደርስ እንደገና ወደ መጀመሪያው ተመለሰች፤ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ፣ የጠፋባትን ነገር እንደምትፈልግ ሰው፣ ማዕዘን ማዕዘኑን ሳይቀር አየች።

«እኔ የት አለሁ?» አለች።

ጣቷን አንድ ሥዕል ላይ አሳረፈች።

«አልጋው አንድ ነው የተሣለው። እኛ እኮ አንድ አልጋ ላይ ነበር የምንተኛው። አንቺ ያን ቀን ማታ ስትንሰፈሰፊ እጅሽን እፍ እፍ ስልልሽ ያነጋሁት እኔ ነኝ፤ ስድስት ዓመቴ ነበር። እኔ የለሁም።» ሳቀች፤ ሳቁ ግን ወዲያው ከፊቷ ላይ ወደቀ። «አዳሪ ትምህርት ቤት የገባሽ ጊዜስ? ታሪኩ እዚያ ላይ አለቀ? ሴትዮዋ ካውያውን አስቀምጣ ያለቀሰች መስሏቸዋል?»

«ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው፣ ሚጢጢ። ቦታውን የለመኑልኝ እሳቸው ናቸው።»

«አውቃለሁ። አንቺን አወጡሽ።» እህቷ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ መወልወል ጀመረች። «አንቺ በወጣሽ በዓመቱ ነው ይሄ ጆሮ የሄደው። የድስት ክዳን ነበር፤ ነግሬሽ አላውቅም። በር መታኝ ብዬሻለሁ። የቤት ገመና እንዳላወጣ መክረሽኝ ነበራ የሄድሽው።»

መንገዱ ላይ መኪና ጥሩምባውን ነፋ። ታላቋ ምክሩን አስታወሰችው። ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ በሩ ላይ ቆማ፣ የስምንት ዓመት ልጅ ጆሮ ውስጥ ቃል በቃል ያወረደችው፣ ከርዕሰ መምህሩ የወረሰችው ምክር ነበር። ያኔ ስጦታ መስሏት ነበር።

«ይቅር በይኝ» አለች።

«አሁን ለእሱ ጊዜ የለኝም። እሱን ሌላ ቀን ቁጭ ብለን እንጨቃጨቅበታለን፤ ደሞ በደንብ ነው የምጨቃጨቅሽ።» እህቷ መጽሐፉን ዘግታ መለሰችላት። «ይሄ ለልጆች ሊታደል ነው?»

«ዝርዝሩ እሑድ ይወጣል። በእኔ ስም።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? እኔ እንደሆንኩ አውቀዋለሁ። ለማያውቀው ንገሪው።» እግሯን ወደ ፔዳሉ መለሰች። መኪናው ሊንጫጫ ሲል ግን አቆመችው። «ስትናገሪ ደግሞ እኔንም ጨምሪኝ። በሁለተኛ መጽሐፍም መረሳት አልፈልግም።»

የሰብሳቢው ቢሮ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ በረጅም ኮሪደር መጨረሻ ላይ ነው። ስትገባ ሰባ ስምንት ዓመታቸውን ተሸክመው ከወንበራቸው ተነሡላት፤ ለማንም ሴት ሳይነሡ ቀርተው አያውቁም። ሻይ ቀዱላት። ይህን ሰው አገር ይወደዋል፤ ግድግዳው ላይ የተማሪዎቻቸው ፎቶ ከጣሪያ እስከ ወገብ ተሰቅሏል፤ ሐኪም የሆኑ፣ ዳኛ የሆኑ፣ እሷም ከመካከላቸው አለች።

«መጽሐፉ ደረሰሽ? ቋንቋው እውነትሽን ነበር፤ ከብዶ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስፈትግ ከረምኩ።»

«ቋንቋው አልከበደም ጋሼ። ዋሽቼዎት ነው።»

የሻይ ማንኪያው ብርጭቆው ውስጥ ቆመ። «ታዲያ ምኑ ነው?»

ግራ እጇን አንሥታ ጠረጴዛው ላይ፣ መጽሐፉ አጠገብ አስቀመጠችው። የካውያው ጫፍ ከአርባ ዓመት በኋላም ቅርጹን አልለቀቀም። ሰውዬው ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያም ፈገግ አሉ። የተዘጋጀችው ለክህደት፣ ለቁጣ፣ ለማስተባበል ነበር፤ ለዚያ ፈገግታ አልተዘጋጀችም። ፍቅር ያለበት ፈገግታ ነበር።

«አውቀሽዋል ማለት ነው! እኔ ስታነቢው በራስሽ እንድትደርሺበት ብዬ ነው እንጂ... አንቺ ነሽ እኮ ልጄ። በመምህርነት ዘመኔ ሁሉ እንዳንቺ ያለ ታጋሽ ልጅ አላየሁም። ሳልሞት ላመሰግንሽ ፈለግኩ።»

«ትዕግሥት አልነበረም። ፍርሃት ነበር። እርስዎ ጋ የመጣሁት ልነግርዎት ነው።»

«አስታውሳለሁ።»

«አያስታውሱም! ምኑን ያስታውሱታል? ሦስት ቃል ነው የተናገርኩት። 'አክስቴ ትናንት ማታ' ነው ያልኩት፤ እዚያ ላይ ነው ያስቆሙኝ። አራተኛውን ቃል እስከ ዛሬ አልሰሙትም። ያልሰሙትን ነገር ነው መጽሐፍ የጻፉበት።»

«ድምፅሽን ቀንሺ ልጄ። አክስትሽ የተከበረች ሴት ነበረች። ነገሩ ቢወጣ ቤቱ ይፈርስ ነበር። ያኔ ልጅ ተነጥቆ የት ይወሰዳል? ሜዳ ላይ ትወድቂ ነበር። እኔ የምችለውን አደረግኩ፤ ሁለት ዓመት ለምኜ ቦታ አገኘሁልሽ።»

«አገኙልኝ። አንድም ቀን አልረሳሁትም። ሳመሰግንዎት ነው የኖርኩት፤ አፌን የለጎመውም እሱ ምስጋና ነው።» መጽሐፉን ሠላሳኛው ገጽ ላይ ከፈተችው። «አክስቴ መቼ ነው ያለቀሰችው?»

ሰውዬው ሥዕሉን አዩት። «ለልጆች ተስፋ ያስፈልጋቸዋል።»

«ይሄ ተስፋ አይደለም። 'ዝም ካላችሁ የሚመቷችሁ ይወዷችኋል' የሚል ውሸት ነው። በእግዚአብሔር ስም የተነገረ ውሸት!»

«ይሄ ቁጣ ለአንድ ክርስቲያን አይገባም።»

«የትኛው ነው የሚገባው?» ተነሣች፤ ወንበሩ ከኋላዋ ግድግዳውን መታ። «አራት መቶ ቤት ነው ጋሼ። ከአራት መቶ ቤት ውስጥ እጅጌዋን የምትስብ አንዲት ልጅ እንኳ ከሌለች እኔ ውሸታም ልሁን። ያቺ ልጅ ይሄን መጽሐፍ የምትቀበለው ከማን እጅ እንደሆነ አስበውታል? ከምታቃጥላት ሴት እጅ ሊሆን ይችላል። ሴትዮዋ ራሷ ናት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የምታነብላት!»

ኮሪደሩ ላይ የነበረ የእግር ኮቴ ቆመ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ራቀ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አስተካከሉ። ፊታቸው ላይ የነበረው ፍቅር አልጠፋም፤ በላዩ ላይ ግን እንደ ድሮው በክፍል በር ላይ ሲቆሙ የሚታየው የርዕሰ መምህርነት መልክ መጣበት።

«መጽሐፉን ኮሚቴው አጽድቆታል፤ ይወጣል። ስምሽ እንዲኖርበት ካልፈለግሽ አውጪው። ደብዳቤው ያንቺ ነው፤ የፈለግሽውን ጻፊ።» ከዚያም እንደ አባት ጨመሩ፦ «ሂጂ፣ ቤትሽ ገብተሽ ጸልዪበት። ነገ ይበርድልሻል።»

ሦስት ሳምንት ስትጸልይበት ነበር። በየቀኑ ጉልበቷ ላይ ሆና «ይህን የሚያንገበግበኝን ነገር ውሰድልኝ» እያለች ለምናለች። ደረጃውን ስትወርድ ግን አንድ ነገር ገረማት፦ እግዚአብሔር አልወሰደላትም። ምናልባት ያልወሰደላት የሚፈልግበት ነገር ስላለ ይሆናል። ይህ ሐሳብ አስደነገጣት፤ ግን እርምጃዋን አላዘገየውም።

ማተሚያ ቤቱ ስትደርስ ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። ከወረቀት መቁረጫው አጠገብ፣ ቆማ፣ በቁርጥራጭ ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፈች። አንዴም አልሰረዘችም። ስትጨርስ ኮምፒዩተሩ ላይ ለምትሠራው ለጸሐፊዋ ሰጠቻት። ጸሐፊዋ በዓመት ከእሷ ጋር አምስት ቃል የማትለዋወጥ ዝምተኛ ሴት ናት፤ ጽሑፍ ስትተይብ የምትተይበውን አታነብም ይባላል። ዛሬ ግን መሐል ላይ ጣቶቿ ቆሙ፤ ወረቀቱን ወደ ዐይኗ አስጠግታ አነበበችና ቀጠለች።

ደብዳቤው እንዲህ ይል ነበር፦

«ለወላጆችና ለልጆች። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ካሉት አሥራ ሁለት መጻሕፍት አሥራ አንዱን መርጫለሁ። ተራ ቁጥር ሰባትን አልመረጥኩትም። በመጽሐፉ ውስጥ ያለችው ልጅ እኔ ነኝ። እጄ በእርግጥ ተቃጥሏል። ዝም ማለቴ እውነት ነው። አክስቴ ማልቀሷ ግን እውነት አይደለም። ዝም ስላልኩ ማንም አልዳነም። ታናሽ እህቴ በዚያ ቤት ቀረች፤ ዛሬ በግራ ጆሮዋ አትሰማም፤ በመጽሐፉ ውስጥ የለችም። ይህን መጽሐፍ ያልመረጥኩበትን ምክንያት ስጠየቅ ፈርቼ ዋሽቻለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጌታ የተጎዳን ልጅ ዝም በል ያለበትን ቦታ ፈልጌ አላገኘሁም። ልጆች፦ የሚጎዳችሁ ሰው ካለ ተናገሩ። የመጀመሪያው ሰው ካልሰማችሁ ለሁለተኛው ተናገሩ። መደብሩ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ክፍት ነው፤ እኔ እሰማለሁ።»

አታሚው አነበበው። ሁለቴ አነበበው። አንድም ቀልድ አልመጣለትም።

«ሰብሳቢው ያውቃሉ?»

«የፈለግሽውን ጻፊ ብለውኛል።»

«ይሄን ግን...» እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ቅባቱ ከጣቱ ወደ ጣቱ ከመዞር በቀር አልለቀቀም። «ቁጥር ሰባትንስ? ከዝርዝሩ ላውጣው?»

«አይውጣ። ከወጣ ደብዳቤው ስለምን እንደሚያወራ ማን ያውቃል? መጽሐፉ ነገ በሌላ በር ይገባል።»

አታሚው ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዙሮ ለሦስተኛ ጊዜ አየው። «እኔ የፊደል ስሕተት ብቻ ነው የማየው» አለ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። ቆይቶም «የለበትም» አለና ወደ ማሽኑ ሄደ።

ማሽኑ ሲነሳ ወለሉ ተንቀጠቀጠ። ወረቀቶቹ እየተከታተሉ መውጣት ጀመሩ፤ እያንዳንዱ ላይ ያው ደብዳቤ፣ ያው ስም። ቁጣዋ ይወጣላታል ብላ ጠብቃ ነበር። አልወጣላትም። ቆማ የወረቀቱን ክምር ቁመት እያየች፣ ራሷን በር ላይ ቆማ እህቷን ስትመክር፣ ሰውዬው ከንፈራቸው ላይ ጣታቸውን ሲያሳርፉ፣ አክስቷ ካውያውን ወደ መቀመጫው ስትመልስ እያየች ነበር። ሴትዮዋ ካውያውን የመለሰችው ቀስ ብላ ነበር፤ እንዳይሰበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የበሩ ብርሃን በአንድ ሰው ጥላ ተከፈለ። ሰብሳቢው በየዓመቱ የመጀመሪያዎቹን ቅጂዎች ለማየት ይመጣሉ፤ ዛሬም መጡ፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው። አታሚውን ሰላም አሉት። እሷን ሲያዩ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ፣ ተረጋግታለች ብለው እንደ ተደሰቱ ሁሉ። ከክምሩ ላይ አንድ ወረቀት አነሡ።

ቆመው አነበቡ። ማሽኑ ይጮኻል። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ታያለች፤ የትኛው መስመር ላይ እንደደረሱ ከከንፈራቸው ልታውቅ ትችል ነበር። አጋማሹ ላይ ሲደርሱ ከንፈራቸው ቆመ። ወደ ኋላ ተመልሰው ያንኑ መስመር እንደገና አነበቡት።

ቀና ሲሉ የርዕሰ መምህርነቱ መልክ ፊታቸው ላይ አልነበረም።

«እህት ነበረችሽ?» አሉ።

«አለችኝ።»

«ስንት ዓመቷ ነበር፣ አንቺን ከዚያ ቤት ሳወጣሽ...?»

«ስምንት።»

«ማንም አልነገረኝም።»

«አልጠየቁም።»

አታሚው እጁን ማብሪያ ማጥፊያው ላይ አድርጎ ከአንዳቸው ወደ አንዳቸው አየ። «ጋሼ... ላቁመው?» አለ። እሷ ራሷን ነቀነቀች፣ አይቁም ብላ። ወረቀቱ መፍሰሱን ቀጠለ።

«የት ነው የምትኖረው?» አሉ ሰብሳቢው።

ልትነግራቸው አልፈለገችም። ከአፏ ሊወጣ ያኮበኮበው ሌላ፣ ከዚያ የከፋ ቃል ነበር። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ይጠብቃሉ፤ አልተቆጡም፣ አላባበሉም፣ ጣታቸውንም የትም አላነሡም።

«ሁለት መንገድ ይሻገሩ። ከመድኃኒት ቤቱ ጎን የስፌት ቤት አለ» አለች በመጨረሻ። «እርስዎን የማስገባት ግዴታ የለባትም። ካስገባችዎት በቀኟ በኩል ይቁሙ።»

አብሬዎት ልሂድ አላለችም። ሰውዬው ወረቀቱን አራት ላይ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወጡ። በበሩ በኩል ጀርባቸውን አየችው፤ የመጀመሪያውን መንገድ ለመሻገር ጠርዙ ላይ ቆመው መኪኖቹ እስኪያልፉ ይጠብቃሉ። መንገዱ ነጻ ሆነ፤ ሰውዬው አልተንቀሳቀሱም። እንደገና መኪና ሞላው፣ እንደገና ነጻ ሆነ።

እሷ እጇን ጡጫ አድርጋ በሩ ላይ ቆማ ታያቸዋለች፤ እንዲሻገሩ ይሁን እንዲመለሱ የምትፈልገው፣ እስካሁን አላወቀችም።